ቁጥር ሰባት ምን በላች?

የተያዝኩት ከወንዝ ስመለስ ነው። ጫማዬ ርሶ ነበር፤ በአንድ እጄ የፕላስቲክ ባልዲ፣ በሌላው ደብተሬን ይዤ ወደ መቱ የሚወስደውን አስፋልት ልይዝ ስል፣ ሁለት ፖሊሶችና አንድ ጥቁር ሹራብ የለበሰ ሰው ከቆመ ፒክአፕ ወርደው ጠበቁኝ። ሰውየው ሰላም ካለኝ በኋላ ባልዲው ውስጥ ተመለከተ። ባዶ ነበር። ደብተሩን ተቀብሎኝ ጥቂት ገጾች ገለጠና፣ «መምህርት፣ ትንሽ የምንነጋገረው ነገር አለ» አለኝ።

ትንሹ ነገር አርባ አንድ ቀን ፈጀ።

ጊዜው ኢንተርኔት የተቋረጠበት፣ ሚኒባሶች በየኬላው የሚፈተሹበት፣ ሰው የጎረቤቱን ልጅ «የት ሄደ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚፈራበት ጊዜ ነበር። የወሰዱኝ ከመቱ ብዙም ወደማይርቅ አንድ ከተማ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እዚያ ደግ ሰዎችም ይኖራሉ። ማቆያው ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። ወንዶቹ በሰፊው ክፍል ሲሆኑ፣ ለሴቶች ጥጉ ላይ በቆርቆሮ ከልለው አራት እርምጃ በሦስት የምትሆን ክፍል አዘጋጅተዋል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ከወለሉ ስንጥቅ ያልወጣ የገለባ ብናኝ፣ እርጥብ ጆንያና የሰው ላብ። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት ነበረች። የኢሉባቦር ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ ለመሰማማት ጆሮ ላይ መጠጋት ያስፈልግ ነበር።

ሁለት ሴቶች ቀድመውኝ ነበሩ። አንደኛዋ የሁሩሙ ከተማ ማር ነጋዴ ናቸው፤ ስልሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ግንባራቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው የወንድ የሚመስል። እትዬ እላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ እኔን «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። የታሰሩት ማር ገዝተው የሄዱ ሁለት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ባለማወቃቸው ነበር። «ማር ሲገዛ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም» ብለው መልሰዋል፤ ይህ መልስ አልተወደደላቸውም።

ሁለተኛዋ ወጣት ነች፤ ከሃያ አምስት የምታልፍ አይመስለኝም። ወላጆቿ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ፣ እሷ ግን እዚሁ ኢሉባቦር፣ ኖፓ የተወለደች፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እያደባለቀች የምትናገር። የሚፈልጉት ባሏን ነበር። እሱን ሲያጡት እሷን አመጡ። የሰባት ወር ሴት ልጇን ከአማቷ ዘንድ ትታ ነው የወጣችው። «ለጥያቄ ነው፤ አሁን ትመለሻለሽ» ስላሏት ነጠላ እንኳን አልያዘችም። እኔ ስገባ አምስተኛ ቀኗ ነበር።

ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። የቀሚሷ ደረት ላይ ሁለት እርጥብ ክቦች አየሁ። መጀመሪያ ዝናብ መስሎኝ ቀና ብዬ ጣሪያውን ተመለከትኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቢሮ ተጠራሁ። ጥቁር ሹራብ የለበሰው ሰው ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። አንዳንድ መስመሮች በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባቸዋል።

እኔ መቱ ያደግኩ የባለሱቅ ልጅ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚያው ሱቅ ከፍቶ፣ ወልዶ የቀረ ሰው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ያን ጊዜ በክረምት ትምህርት ማስተርሴን እየጨረስኩ ስለነበር ለመመረቂያ ጽሑፌ የወንዝ ሸርጣን አመጋገብን መርጬ ነበር። ከወንዙ ሥር የሚኖሩት እንስሳት ምን ይበላሉ፣ እንዴት ይበላሉ፣ ማን ከማን ይቀማል። አማካሪዬ ርዕሱን ሲያይ፣ «ይሄን ደግሞ ማን ያነበዋል?» ብሎ ስቆ ነበር የፈረመልኝ።

አሁን ሰው እያነበበው ነው።

«‹ቁጥር ሰባት፣ ከድልድዩ በታች ሃያ እርምጃ። አስራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ብቻዋን ወጣች። የሞተ አግኝታ ጎትታ አስገባች። ቁጥር ሦስት ሊቀርባት ሲል አባረረችው›» ብሎ አነበበና ቀና አለ። «ቁጥር ሰባት ማናት?»

«ሸርጣን ናት።»

«ሸርጣን ቁጥር አላት?»

«እኔ ነኝ የሰጠኋት። ጀርባዋ ላይ በጥፍር ቀለም ጽፌባታለሁ።»

«ለምን?»

«ከሌሎቹ እንድለያት።»

«ስንት ናቸው?»

«አስራ ሁለት።»

«አስራ ሁለቱም ድልድዩ ሥር?»

«እዚያ ድንጋይ ይበዛል። ድንጋይ ሥር ነው የሚውሉት።»

«ቀን ተደብቀው ይውሉና ሲመሽ ይወጣሉ ማለት ነው።»

«አዎ።»

እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ነገሩ እየባሰብኝ ሄደ። «ሰው ይላኩና ይዩ፤ ቀለሙ ቀይ ነው፤ ድንጋዩን ገልበጥ ቢያደርጉት ያገኟቸዋል» አልኩት። ፈገግ አለ። አልጮኸብኝም፤ አልነካኝም። «ቁጥር ሦስት ቀኝ እጅ የለውም ብለሽ ጽፈሻል» አለ። «ቀኝ እጁን ያጣ ሰው እናውቃለን።» ከዚያ ደብተሩን ዘጋና መለሰኝ።

ክፍላችን ስመለስ እትዬ ከወጣቷ ፊት ተንበርክከው አገኘኋቸው። ጠዋት የሚሰጠን ዳቦና ሻይ፣ ቀን ደግሞ ኩርማን እንጀራ በምስር ወይም የተቀቀለ ጎደሬ ነበር። ወጣቷ አትበላም። አስባ ያደረገችው አድማ አልነበረም፤ ትሞክርና «አልወርድ አለኝ» ብላ ታስቀምጠዋለች። በየጠዋቱ እትዬ የፕላስቲክ ኩባያ ይይዙላትና ወተቷን ታልባለች፤ ከዚያ ግድግዳው ሥር ካለችው ቀዳዳ ያፈሱታል። ያን የሚያደርጉት ፊታቸውን አዙረው ነው። ልጅቱ ጋ የሚያደርስላቸው ሰው አጥተዋል፤ ካላለቡት ደግሞ ያማታል፤ ያ ብቻም አይደለም።

«ካልታለበ ይነጥፋል» ይሏታል። «ካልበላሽም ይነጥፋል። ስትወጪ ለልጅሽ ምን ልትሰጫት ነው?»

«እወጣለሁ እንዴ?»

«ኛዹ» ይላሉ እትዬ፣ ብዪ ማለታቸው ነው፤ ጎደሬውን ወደ አፏ እያስጠጉ። «የምትወጪበትን ቀን ለእነሱ ተዪው። የአንቺ ሥራ መብላት ነው።»

ያን ቀንም ኩባያው ግማሽ አልሞላም። ከትናንቱ ማነሱን ከሁለቱ ፊት አወቅኩ።

ወጣቷ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። «ቲቸር፣ አንቺን ግን በምን ያዙሽ?» አለችኝ።

«በሸርጣን።»

እትዬ ያልሰሙ መስሏቸው ደግመው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ቁጥሩን፣ የጥፍር ቀለሙን፣ ቀኝ እጅ የሌለውን ቁጥር ሦስትን። እትዬ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ወንዶች ሳይቀሩ ጸጥ አሉ። ወጣቷ አልሳቀችም፤ ግን ከግድግዳው ተላቅቃ ቀና አለች።

«ጎትታ ያስገባችው ምን ነበር?» አለች።

«እንቁራሪት። የሞተ።»

«ሙሉውን በላችው?»

መልስ ልሰጥ ስል እትዬ ክንዴን ያዙኝ። «ትነግርሻለች» አሏት። «እየበላሽ ግን።» ጎደሬውን ቆረስ አድርገው እጇ ላይ አኖሩላት።

ቁጥር ሰባት እንቁራሪቷን እንዴት እንደበላች በዚያች ክፍል ውስጥ ቀስ ብዬ ተናገርኩ። እንደ ውሻ እንደማትቦጭቅ፣ ሁለቱ መቆንጠጫዎቿ እኩል እንዳልሆኑ፤ በትልቁ አጥብቃ ይዛ በትንሹ እንደምትቆርስ፤ የምትቆርሰውም የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ መሆኗን። አፏ ላይ እንደ ትንንሽ መዝጊያ የሚከፈቱና የሚዘጉ ነገሮች እንዳሏት፣ ምግቡን እነሱ እየተቀባበሉ ወደ ውስጥ እንደሚያሳልፉት። ቁራሹ በዛ ሲልባት መልሳ አውጥታ እንደምታሳንሰው። አንድ እንቁራሪት ሁለት ቀን እንደፈጀባት።

«አትቸኩልም ማለት ነዋ» አለች ወጣቷ። አፏ ውስጥ ጎደሬ ነበር።

እትዬ እኔን እንጂ እሷን አላዩም። «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የየቀኑ ምሳችን እንዲህ ሆነ። ሳህኑ ሲገባ ሦስታችን እንከበዋለን፤ ወጣቷ «ቁጥር ሰባት ምን በላች?» ትላለች። ቁጥር ሰባት ሲያልቅብኝ ወደ ቁጥር አራት ሄድኩ፤ እሱ የወደቀ ቅጠል ይወዳል፤ ያውም ትኩሱን ሳይሆን ውሃ ውስጥ ሰንብቶ የለሰለሰውን። ስለ ትንንሾቹ ሽሪምፖች ነገርኳቸው፤ ጥፍር የሚያክሉ፣ አካላቸው እንደ ውሃ የጠራ፣ ድንጋይ ላይ ካልተንቀሳቀሱ የማይታዩ። እጆቻቸው ጫፍ ላይ እንደ ብሩሽ ያለ ጠጉር አላቸው። ድንጋዩን የለበሰውን የሚያዳልጥ አረንጓዴ ነገር በዚያ ብሩሽ እየጠረጉ፣ አንዱን እጅ ወደ አፍ ሲያደርሱ ሌላውን ወደ ድንጋዩ ይልካሉ፤ ቀኑን ሙሉ አያርፉም። እትዬ ይሄን በእጃቸው አስመስለው ሠሩት፤ ልክ ነበር፤ ከእኔ የተሻለ ሠሩት። ስለ አምባዛ ነገርኳቸው፤ ውሃው ሲደፈርስ በዓይኑ ሳይሆን በጢሙ እየዳሰሰ፣ ጭቃውን እየቀመሰ ምግቡን እንደሚያገኝ። ስለ ቀንድ አውጣ ምላስ፣ እንደ ሞረድ ሻካራ ስለመሆኑ።

«ቆሻሻ በሊታ ናቸዋ ሁሉም!» አሉ እትዬ አንድ ቀን።

«እነሱ ባይበሉት ወንዙ ይሸተን ነበር፣ እትዬ።»

ጥቂት አሰቡ። «እንግዲህ ይብሉ» አሉ።

እኔ ብቻ አልነበርኩም የማወራው። ወጣቷ ኖፓ ውስጥ ልብስ የምታጥብበት ጅረት አጠገብ ትልቅ የሾላ ዛፍ አለ። ፍሬው ውሃው ውስጥ ሲወድቅ ሸርጣኖች ከየድንጋዩ ሥር ወጥተው እንደሚሻሙበት ነገረችኝ። «ሁሉም አይደሉም» አለች። «ትልልቆቹ ናቸው የሚበሉት። ትንንሾቹ ትልልቆቹ ሲጨርሱ ነው የሚመጡት። ልጣጩን ይለቅሙታል።» ይሄን እኔ አላውቅም ነበር። ብዕርም ወረቀትም ስላልነበረኝ እንዳልረሳው ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። በኋላ ጽሑፌን እንደ አዲስ ጀምሬ ስጨርስ አስገብቼዋለሁ፤ ምንጩን «የአካባቢው ነዋሪ» ብዬ ነው የጻፍኩት።

ኩባያው ቀስ በቀስ ከፍ አለ። በአስረኛው ቀን ገደማ ሞላ። እትዬ ብርሃኑ ላይ አንስተው አዩትና እንደ ወትሮው ፊታቸውን አዙረው አፈሰሱት።

ወንድሜ ከመቱ በሳምንት አንድ ቀን ምግብ ያደርስልኝ ጀመር፤ እናቴ ቆጮና ጎመን ትልካለች። መገናኘት አልተፈቀደልንም። ሳህኑ በር ላይ ተፈትሾ ይገባል፤ ቆጮው በእጅ ተገለባብጦ ይደርሰናል። እትዬ ድርሻዬን ቆርሰው ለወጣቷ ሲጨምሩ እኔን አይጠይቁኝም ነበር። የራሳቸውንም እንዲሁ ያደርጋሉ። ቀጭን ሴት አልነበሩም፤ በዚያ ወር ግን የቀሚሳቸው ወገብ ሰፋ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጥቁር ሹራብ የለበሰው ሰው እንደገና አስጠራኝ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ከአንድ እስከ አስራ ሁለት ቁጥር የተጻፈበት ነጭ ወረቀት ግን ነበር፤ ከየቁጥሩ አጠገብ ባዶ ቦታ።

«ደክሞሻል» አለኝ። «እኔም ደክሞኛል። አስራ ሁለቱንም አልፈልግም። ሁለት ሦስቱን ሙዪልኝና ዛሬም ቢሆን ነገ ቤትሽ ትገቢያለሽ።» እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋው። «ለምሳሌ ቁጥር ሰባት። ‹ወጣች› ብለሽ በሴት የጻፍሽው ለመሸፈን ነው እንበል። አብራሽ ያለችው የኖፓዋ ሴት ባል አለ። ስሙን ታውቂዋለሽ፤ ነግራሻለች።»

እስክሪብቶውን አላነሳሁትም።

«ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ። ጠዋት ትሰጪኛለሽ።»

ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ይዤ ገባሁ። ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ቦታውም ልቡም አልነበረኝም። ነገርኳቸው። እትዬ ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱን ተቀብለው ግን ለረጅም ጊዜ አዩት።

እዚህ ላይ ራሴን ማሳመር አልፈልግም። ቤቴን ናፍቄ ነበር። ሰውነቴ በቁንጫ ተቆጥቷል። ከቢሮው እስከ ክፍሉ ባሉት ሰላሳ እርምጃዎች ውስጥ የሰውየውን ስም በሐሳቤ ጽፌ ጨርሻለሁ።

ወጣቷ ወረቀቱን ከእትዬ እጅ ወሰደችው። ትንሽ ትንሽ ታነባለች። ሰባት ቁጥር ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ጻፊው» አለችኝ።

«ምን?»

«ስሙን ጻፊውና ውጪ። እሱ ሩቅ ሄዷል፤ አያገኙትም። አንቺ ውጪና ኖፓ ሂጂልኝ። ልጄን እዪልኝ። ጥርስ ማውጣት አለማውጣቷን፣ የላም ወተቱ ተስማምቷት እንደሆነ ብቻ… ሰው ላኪልኝና ንገሪኝ።» እያለቀሰች አልነበረም። እቃ ግዢልኝ እንደምትል ዓይነት ነበር አነጋገሯ። «እኔ አልከፋም። እውነቴን ነው፣ ቲቸር።»

ዝናቡ ጀመረ። እትዬ ድምፁ ጋብ እስኪል ጠበቁ።

«ስሙ አንዴ ከገባ አንቺ ሚስትየዋ ትሆኛለሽ» አሏት። «አሁን ባሏ የጠፋባት ሴት ነሽ። ነገ የቁጥር ሰባት ሚስት ነሽ። እሷ ጽፋ ትወጣለች። አንቺ አትወጪም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ፀጉሬን በእጃቸው ወደ ኋላ መለስ አደረጉልኝ። «አንቺም ልጅ ነሽ» አሉኝ። «መውጣት ያምርሻል። ያምራል። እኔም ያምረኛል።»

ሦስታችን በሁለት ጆንያ ላይ ተጠጋግተን ተኛን፤ እንቅልፍም ወሰደኝ።

ጠዋት ወረቀቱን ሞላሁት። ከአንድ ቁጥር አጠገብ «ሸርጣን» ብዬ ጻፍኩ። ከሁለትም አጠገብ «ሸርጣን»። እንደ ጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈት አሳምሬ፣ እስከ አስራ ሁለት። ቁጥር ሰባት ላይ ስደርስ «ሸርጣን (ሴት)» አልኩ፤ እውነቱ ያ ስለሆነ።

ሰውየው አነበበው። ከላይ እስከ ታች፣ እያንዳንዱን ለየብቻው። ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ይጮሃል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር። መስኮቱን እያየ፣ «እንቁራሪት ነው የበላችው ያልሽው?» አለኝ።

«አዎ። የሞተ እንቁራሪት።»

«እኛ አገር ወንዝ ውስጥም አሉ» አለ። «ልጅ ሆነን እግራችንን ይይዙን ነበር።» ከዚያ የተናገረው እንደከነከነው ሁሉ ፊቱ ተዘጋ፤ ፖሊሱን ጠርቶ «መልሳት» አለው።

መለሰኝ። ቤት አልገባሁም። ሌላ ሦስት ሳምንት ያህል እዚያው ቆየሁ፤ ማንም ዳግመኛ አልጠራኝም።

የወጣቷ አማት ልጅቱን አዝለው ከኖፓ የመጡት በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ሚኒባስ አግኝተዋል። ምግብ በሚገባበት ሰዓት በር ላይ ቆመው፣ «ምግብ ነው ያመጣሁት» አሉ። ዘቡ ሃምሳ አለቃ ረጋ ያለ ሰው ነበር። «የታለ ምግቡ?» አላቸው። ሴትየዋ ጀርባቸውን አዙረው ልጅቱን አሳዩት። «ምግቡ እዚህ ውስጥ ነው ያለው፤ በላተኛዋ ናት የመጣችው» አሉት። ይሄን በኋላ ነው የሰማነው። በወቅቱ የሰማነው በሩ ሲከፈትና ሃምሳ አለቃው «የኖፓዋ፣ ነይ፤ አስር ደቂቃ» ሲል ብቻ ነው። እትዬ ማንም ሳይጠራቸው ተነሱ። እኔም ተከተልኳቸው፤ የሚከለክለን አልነበረም።

ግቢው ክፍት ነው። ወንዶቹ እስረኞች ፀሐይ ለመሞቅ ወጥተዋል፤ ሦስት አራት ፖሊሶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ወዲያ ማዶ ጭቃ ውስጥ የቆመ ፒክአፕ የሚያጥብ ሰው አለ። ወጣቷ ልጇን ተቀብላ ግድግዳው ሥር መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ልጅቱ አየቻት። አላወቀቻትም። ፊቷን ወደ አያቷ አዙራ አለቀሰች። ወጣቷ እጇ ደረቷ ላይ ቀረ፤ ዙሪያውን አየች። ያን ሁሉ ዓይን አየች። ቀሚሷን መክፈት አልቻለችም።

እትዬ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ፣ ሌላውን እሳቸው ያዙ፤ ጀርባችንን ለእናትና ለልጅ፣ ፊታችንን ለግቢው ሰጥተን በሁለት በኩል ዘረጋነው። አማቲቱ በሦስተኛው በኩል ቆሙ። አራተኛው ግድግዳው ነበር።

ከኋላችን የልጅቱ ልቅሶ ቀጠለ። ከዚያ የወጣቷ ድምፅ ተሰማኝ፤ የምትለው ግን አልተሰማኝም። ልቅሶው ተቆራረጠ። ቆመ። አንዴ እንደገና ተጀመረና ቆመ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ሕፃን ያጠባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ያላጠባሁት እኔም ያወቅኩት፣ በአፍንጫ እየተነፈሱ የመዋጥ ድምፅ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነጠላውን የያዘው እጃቸው ግን ዝቅ አላለም።

የእኔ ክንድ መዛል ጀመረ። ሃምሳ አለቃው ሰዓቱን አይቶ ቀረበ። «በቃ፣ እማማ። አስር ደቂቃ አልቋል።»

«ሂንቁፍኔ» አሉ እትዬ። አልጠገበችም ማለታቸው ነው።

«እማማ፣ አለቃዬ ይመጣል…»

«ይምጣ። አልጠገበችም።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ስትጠግብ ራሷ ትተወዋለች። እኛ አይደለንም የምናስተዋት፤ አንተም አይደለህም።»

ሃምሳ አለቃው እኔን አየኝ። እኔም ጫፌን ከፍ አደረግኩት። ምን ይመጣ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። ሰውየው ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ግቢው ዞረ። አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት ፖሊሶች አንድ ነገር ተናገረ፤ እነሱም ፊታቸውን ወደ ፒክአፑ አዞሩ። ፀሐይ ይሞቁ የነበሩት እስረኞች ማንም ሳያዛቸው አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። ልጅቱ ስትጠግብ ራሷ ተወችው። እንቅልፍ ወስዷታል። ወጣቷ ቀሚሷን አስተካክላ ተነሣች፤ ልጇን ለአማቷ ሰጠች፤ ከንፈሯ ላይ የቀረውን ወተት በጣቷ ጠረገችላትና ወደ ክፍሉ ቀድማን ገባች። ያን ቀን ስለ ሸርጣን አልጠየቀችኝም። የመጣላትን ሁሉ በልታ ጨርሳ ጨምሪልኝ አለች።

እኔ ቀድሜ ወጣሁ። የወጣሁበትን ምክንያት ማንም አልነገረኝም፤ የገባሁበትንም እንዲሁ። ደብተሬ አልተመለሰልኝም። እትዬ ከእኔ አስራ አምስት ቀን በኋላ፣ ወጣቷ ደግሞ ከሁለት ወር በላይ ቆይታ ወጣች። ባሏ ዛሬም አልተመለሰም። በሕይወት አለ የሚሉ አሉ።

አሁንም መቱ አስተምራለሁ። ሰዎች ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቁኝ «ተመታሽ?» ይሉኛል። አልተመታሁም። ያን ስል አንዳንዶቹ ነገሩ ቀላል ነበር ብለው ያስባሉ፤ እኔም አልከራከራቸውም። ምን እንደሆነ ለመናገር ብዙ መቀመጥ ይጠይቃል። አንድ ግራ የገባኝን ነገር ግን ልናገር። ያ ክፍል አንዳንዴ ይናፍቀኛል። ክፍሉን አልወደውም፤ ቆርቆሮውና ቁንጫው በሕልሜም እንዳይመጣ ነው የምጸልየው። የሚናፍቀኝ የዚያን ጊዜ አበላላችን ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ግብዣ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሌላው ሰው መብላት አለመብላቱን ያን ያህል ተጠንቅቄ አይቼ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት እትዬ አረፉ። ወጣቷ ከኖፓ ደወለችልኝ፤ መቱ መናኸሪያ ተገናኝተን በአንድ ሚኒባስ ወደ ሁሩሙ ሄድን። ለቅሶው ቤት ሰው በሰው ላይ ነበር፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የማር ደንበኞች። ሁለታችን በር አካባቢ ቆምን። ማንም አያውቀንም፤ የዘር ሐረጋችን፣ ሰፈራችን፣ ሃይማኖታችንም ከቤተሰቡ ጋር አይገናኝም።

የእትዬ ታላቅ ልጅ መጥታ ጨበጠችን። ዓይኗ አብጧል። ሁለታችንን እያፈራረቀች አየችና፣ «ይቅርታ፣ አላወቅኋችሁም» አለች። «ከእናቴ ጋር በምን ነው የምትተዋወቁት?»

እኔ ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ ሳስብ፣ የኖፓዋ ቀደመችኝ።

«አብረን በልተናል» አለች።

ልጅየዋ ሌላ አልጠየቀችም። እጃችንን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችን፤ ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉልንና ከቤተሰቡ መሃል ተቀመጥን።